ፍሰቱ በአራቱ ቱቦዎች እኩል የማይከፋፈለው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ ለመመረቂያ ሥራዬ 0.3 ሚሊሜትር ውስጠኛ ስፋትና 5 ሴንቲሜትር ርዝመት ያላቸውን አራት የቴፍሎን ቱቦዎች ጎን ለጎን ገጥሜ፣ ቀለም የገባበት ውሃና ነጭ ጋዝ በሁለት ሲሪንጅ ፓምፖች እልካለሁ። መጀመሪያ በአራቱም የውሃ ቁራጮች በተራ ይሄዳሉ፤ ቆይቶ አንዱ ቱቦ ቀጥ ይላል፣ ሌላው ነጭ ጋዝ ብቻ ያሳልፋል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ደግሞ ይብሳል። ችግሩ የፓምፑ ነው?
የምሕንድስና ተማሪ፣ ከጅማ

መልስ፦ ፓምፑን አይንኩት። ፓምፕ የሚጠብቀው ድምሩን ብቻ ነው፤ ለየትኛው ቱቦ ምን ያህል እንደሚደርስ የሚወስነው የቱቦዎቹ ተቃውሞ ነው። በአንድ ቱቦ በደቂቃ 0.1 ሚሊሊትር ውሃ ለማሳለፍ 420 ፓስካል ገደማ ይበቃል። ውሃና ነጭ ጋዝ በሚገናኙበት ገጽ ላይ ግን እስከ 600 ፓስካል የሚደርስ ግፊት ሊፈጠር ይችላል። ስለዚህ አንድ የውሃ ቁራጭ የያዘው ቱቦ ሲከብድ፣ ፈሳሹ ወደ ቀለለው ይሸሻል፤ የተያዘውን የሚገፋ ኃይል አይቀርም።

መፍትሔው ከቲው፣ ማለትም ውሃውና ነጭ ጋዙ ከሚገናኙበት የ"T" ቅርጽ ማያያዣ በፊት ነው። ለውሃም ለነጭ ጋዝም ለየብቻ፣ በእያንዳንዱ መግቢያ ላይ 0.15 ሚሊሜትር ስፋትና 10 ሴንቲሜትር ርዝመት ያለው ቀጭን ቱቦ ያስገቡ፤ በጠቅላላው ስምንት ይሆናሉ። ስፋት በግማሽ ሲቀንስ ተቃውሞ 16 እጥፍ ይጨምራል፤ ርዝመቱም እጥፍ ስለሆነ 32 እጥፍ ይደርሳል። ያን ጊዜ ውሃው በቀጭኑ ቱቦ ለማለፍ 13,000 ፓስካል ያህል ስለሚፈልግ፣ የ600ው መዋዠቅ ከ5 በመቶ አያልፍም። ስምንቱንም ከአንድ ጥቅልል፣ በአዲስ ምላጭ ይቁረጡ። የ1 ሚሊሜትር የርዝመት ስህተት ፍሰቱን በ1 በመቶ ብቻ ያዛባል፤ የ5 በመቶ የስፋት ልዩነት ግን በ20 በመቶ ገደማ። በደነዘ ምላጭ የተጨፈለቀ አፍ ብቻውን ሥራውን ሁሉ ያበላሻል።

መውጫዎቹንም ይዩ። የአንዱ ጫፍ በ1 ሴንቲሜትር ከፍ ካለ 100 ፓስካል ያህል ልዩነት ያመጣል፤ አራቱንም በአንድ ቢከር ውስጥ እኩል ያጥልቁ።

መብራት ሲጠፋ የውሃ ቁራጮቹ ባሉበት ይቆማሉ፤ ከቱቦው ግድግዳ የሚለያቸው ስስ የነጭ ጋዝ ሽፋን ይሳሳል፣ ውሃውም ቴፍሎኑን ነክቶ ይያዛል። መብራቱ ሲመጣ ሁለቱን ፓምፖች አብረው አያስነሱ። ነጭ ጋዙን ብቻ በሦስት እጥፍ ፍጥነት ይላኩ፤ አራቱም ቱቦዎች ከቀለም ሲጠሩ ውሃውን ይልቀቁ። በየጠዋቱ ሲጀምሩም እንዲሁ።

ጠርዙ ጠቆር ያለ፣ ቀለም የሌለው ቁራጭ ካዩ የአየር አረፋ ነው። ውሃውን ለ10 ደቂቃ አፍልተው፣ ከድነው ያቀዝቅዙ፤ በጅማ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ቢሆንም አየሩን ለማስወጣት ይበቃል። ማፍላቱን ነጭ ጋዝ በሌለበት ክፍል ያድርጉት።