ካሜራው ጅማ፣ ዓይናችሁ ሜሪላንድ

ጅማ ውስጥ የዳያስፖራ ልጅ የሚያድግበት ቤት ጥቂት አይደለም። ወረቀት እስኪስተካከል አያት ዘንድ የቀረ አለ። ቋንቋ ይልመድ ተብሎ የተላከ አለ። እናቱ ሁለት ሥራ ስለምትሠራ የመጣም አለ። አያት ጉልበታቸው ደክሟልና ሞግዚት ይቀጠራል። ቀጥሎ ወላጆቹ ከውጭ ሆነው ልጁንና ሞግዚቷን የሚያዩበት ካሜራ ይላካል።

እኔ ነገሩን ከሁለቱም ወገን አውቀዋለሁ። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የሰው ልጅ ሳሳድግ የዋልኩት ካሜራ ሥር ነው። አሁን ጅማ ተመልሻለሁ። "እባክሽ አንድ ደህና ልጅ ፈልጊልን" የሚል ስልክ አይጠፋም። ተከፍታ ሥራ የለቀቀች ሞግዚትም በሬን ታንኳኳለች። ካሜራ አታስገቡ አልልም። ልጁ አፍ ያልፈታ ከሆነማ ቢኖር ይሻላል። ግን አትደብቁት።

ያኔ የቀጠረችኝ ሴትዮ በመጀመሪያው ቀን ቤቱን አዙራ አሳየችኝ። ሳሎንና የልጁ ክፍል ካሜራ አለ፣ መታጠቢያ ቤትና አንቺ የምታርፊበት የለም አለችኝ። ድምፅ እንደሚቀዳም ነግራ አስፈረመችኝ። ደግነት ብቻ አልነበረም። በሜሪላንድ ሕግ የግል ንግግር ለመቅዳት የተነጋጋሪዎቹ ሁሉ ፈቃድ ያስፈልጋል። ያው፣ መጀመሪያ ትንሽ ጨነቀኝ፣ ከዚያ ለመድኩት።

እዚያ አገር እንዲህ ተነግሯችሁ የሠራችሁ ሰዎች፣ ጅማ ስትመጡ ካሜራውን አሻንጉሊት ውስጥ ስትደብቁ ይገርመኛል። ደግሞም አይደበቅም። የሰካው የአክስት ልጅ ያውቃል፣ አያት ያውቃሉ፣ ቡና ሲፈላ ወሬው ቶና ሳይደርስ ወጥቷል። ልጅቷ ስትሰማ አትጨቃጨቅም። "እናቴ ታማለች" ብላ አገሯ ትሄዳለች፣ በዚያው ትቀራለች። ሌላ ትቀጠራለች፣ እሷም ትሄዳለች። ዕዳውን የሚከፍለው ልጁ ነው። እናት አባቱ ሩቅ ናቸው፤ ያዘለችው፣ ያስተኛችው ሰው ደግሞ በየጥቂት ወሩ ይቀየርበታል። ሕፃን በካሜራ ብዛት አይረጋጋም፤ የለመደው ሰው ሲቆይለት ነው የሚረጋጋው።

ሰዓቱንም አስቡት። ጅማ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሲሆን ሜሪላንድ በሰመር ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። ልጁ ነቅቶ ሲጫወት የምታዩት እንቅልፍ አጥታችሁ፣ ደክሟችሁ፣ ናፍቋችሁ ነው። በዚያ ሰዓት ሁሉም ነገር ጥፋት ይመስላል።

አንዲት እናት ደውላ "ቤቱን ገበያ አደረገችው፣ ሳሎኑ በማላውቃቸው ሴቶች ተሞልቷል" አለችኝ። ሄጄ ሳይ የጎረቤት ሴቶች ናቸው። የጠሯቸው ደግሞ የራሷ እናት ናቸው። ጅማ እኮ ነው፤ ብቻውን ቡና የሚጠጣ ማን አለ? ሌላዋ "በኦሮምኛ ነው የምታወራው፣ ልጄን ምን እያለችው እንደሆነ አይገባኝም" ትላለች። ልጁን ጅማ አስቀምጣችሁ ኦሮምኛ አይስማ ማለት አይሆንም። ይልመድ፤ ትርፉ የእሱ ነው።

"ሆን ብላ ነቀለችው" የሚለውን ክስማ ስንቴ ሰማሁት። መብራት ሲጠፋ ራውተሩ ይጠፋል፣ ካሜራውም አብሮ። ለራውተሩና ለካሜራው የምትበቃ ትንሽ ዩፒኤስ (መጠባበቂያ ባትሪ) ግዙ። ካሜራው ሜሞሪ ካርድ ይኑረው፤ ኔትወርክ ቢቋረጥ እንኳ መብራት እስካለው ድረስ ይቀዳል። ከመቆጣታችሁ በፊት ደግሞ ሰፈር ውስጥ መብራት ነበር ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

በካሜራው ድምፅ ማጉያ መናገርን ተዉት። በጣም ተዉት። ልጁ ገንፎውን እየበላ ከግድግዳ የእናቱ ድምፅ ይመጣል፤ ማንኪያውን ትቶ እሷን ፍለጋ ይዞራል፣ ያለቅሳል። ሞግዚቷ እጇ ይንቀጠቀጣል። አያት ይሸማቀቃሉ፤ በገዛ ቤታቸው፣ በጎረቤት ፊት፣ ልጃቸው ከላይ ሆና ስትቆጣ። ካሜራው እኮ እሳቸውንም ያያል። ነጠላቸውን ጥለው ጋደም ሲሉ፣ ሲጸልዩ ወይም ሲሰግዱ። እሳቸውን ፈቃድ የጠየቀ ስንቱ ነው? ልጁን ማናገር ካማራችሁ በስልክ ደውሉ፤ ፊታችሁን ይይ።

ፓስወርዱ በስንት ሰው እጅ እንዳለም ቁጠሩ። ዳላስ ያለው አጎት፣ ቶሮንቶ ያለችው አክስት፣ ሁሉም አፑን ከፍቶ አያትን በየተራ ሲጨቀጭቅ አይቻለሁ። የሚያየው እናትና አባት ይበቃል። የሚናገረው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ የጠዋቱን ጉዳይ ማታ፣ በእርጋታ፣ በስልክ። ቪዲዮውን ቆርጦ ቲክቶክ ላይ መልቀቅ የሚያምራችሁም አትጠፉም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰውን ምስል ያለ ፈቃዱ ለሕዝብ ማሳየትን ይከለክላል። እሷም ሰው ናት፣ ሕጉ ለእሷም ነው።

ከካሜራው ይልቅ ቅጥሩ ላይ ብትደክሙ ይሻላል። ደላላ ያመጣትን በዚያው ቀን አታስገቡ። ተያዥ ትጥራ፣ የፋይዳ ቁጥሯ ይታይ፣ ቀድሞ የሠራችበት ቤት ተደውሎ ይጠየቅ። ውሉን በወረቀት ጻፉት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ለግል አገልግሎት ቤት ውስጥ የሚቀጠርን ሰው ከሽፋኑ ውጭ አድርጎታል፤ የዕረፍት ቀኗ፣ ደመወዟ፣ ካሜራው የት እንዳለና ማን እንደሚያየው እዚያ ወረቀት ላይ ካልሰፈረ የትም አይሰፍርም። ደመወዟን በወንድማችሁ በኩል አትላኩ። "ገና አልገባልኝም" ሲል ሁለት ወር ያልፋል፣ እናንተ ከፍያለሁ ትላላችሁ፣ እሷ ደግሞ አኩርፋ ልጁን ትጠብቃለች። በሞባይል ብር በቀጥታ ለእሷ ላኩ። ጅሬን ይሁን ፈረንጅ አራዳ፣ በየትኛውም የጅማ ሰፈር የሚኖር፣ ሳይናገር ብቅ የሚል አንድ የምታምኑት ዘመድም ይኑራችሁ። ልጁን አቅፎ፣ ዳይፐሩን አይቶ፣ ልጅቷንም "ደክሞሻል እንዴ?" ብሎ የሚሄድ።

እውነተኛ ጥፋት ካያችሁስ? ስትመታው፣ ስትነቀንቀው፣ ብቻውን ዘግታበት ስትወጣ ካያችሁ፣ በካሜራው አትጩኹ። ከልጁ ጋር ብቻዋን ናት፤ ደንግጣ ምን እንደምታደርግ አይታወቅም። ለዚያ ዘመድ ደውሉና አሁኑኑ ይሂድ። መጀመሪያ ልጁን ይረከብ። ጉዳት ካለ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል፣ ከዚያ ወደ ፖሊስ። ቪዲዮውን በዚያው ሰዓት ወደ ስልካችሁ አውርዱ። ሜሞሪ ካርዱ ሲሞላ አሮጌውን እያጠፋ በላዩ ይቀዳልና፣ ነገ አወርደዋለሁ ብትሉ ላታገኙት ትችላላችሁ።