አልቅሰው የማን ማስታወቂያ እንደሆነ ረሱት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። የኤሌክትሪክ ምጣድ ታመርቻለሽ። ለእንቁጣጣሽ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ልታሠሪ ነው። ባለሙያዎቹ ያመጡልሽ ስክሪፕት፣ ልጇ ከዓረብ አገር ስለምትመጣላት እናት ነው። አንብበሽ አለቀስሽ። «ያስለቅሳል፤ ግን ምጣድ ይሸጥልኛል ወይ?» ነው ያልሽው።

በማስታወቂያ ሥራ አሥራ አንድ ዓመት ቆይቻለሁ። ከራሴ ስህተት ልጀምር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ የምግብ ዘይት ፋብሪካ የገና ማስታወቂያ ሠራን። ታሪኩ ካንቺው ጋር መንትያ ነው ማለት ይቻላል። እናት በር በሩን ታያለች። ዋሽንት ይነፋል። ልጅ ሻንጣውን ይዞ ይገባል። እናት ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ትወስዳለች። መጨረሻ ላይ የዘይቱ ጀሪካን ጠረጴዛ ላይ ይታያል። ኤዲት ስናደርግ ስቱዲዮ ውስጥ ያለቀሰ ሰው ነበር። ደንበኛችንም አለቀሱ፣ ቼኩንም ፈረሙ።

በዓሉ ካለፈ በኋላ በየሱቁ እየዞርኩ ሰው ጠየቅኩ። እናትየዋን ያላስታወሰ የለም። «የማን ማስታወቂያ ነበር?» ስላቸው ግን አንዱ የባንክ አለኝ፣ ሌላዋ የአየር መንገድ አለችኝ። አንድ ባለሱቅማ የተፎካካሪውን ዘይት ስም ጠራልኝ! ይቺን ለደንበኛችን እስከዛሬ አልነገርኳቸውም።

ሰዎቹ አልተሳሳቱም። ያ ታሪክ ዘይቱን አያስፈልገውም ነበር። ጀሪካኑን አንስተሽ ሳሙና ብታስቀምጪበት ምንም አይጎድልም። ከዚያ ወዲህ ስክሪፕት ሲመጣልኝ መጀመሪያ ምርቱን ከታሪኩ አወጣዋለሁ። ታሪኩ ካልፈረሰ ስክሪፕቱን አልቀበለውም።

ጉግል በፈረንጆቹ 2013 ለሕንድ የሠራውን ማስታወቂያ ፈልገሽ እዪው። ዴልሂ የሚኖሩ አንድ አዛውንት ስለ ልጅነት ጓደኛቸው ለልጅ ልጃቸው ያወራሉ። በ1947 ሕንድና ፓኪስታን ሲከፈሉ ተለያይተዋል፤ ጓደኛቸው ላሆር ቀርቷል። ልጅቷ አያቷ ያወሯትን መናፈሻና የጣፋጭ ሱቅ ኢንተርኔት ላይ ትፈልጋለች። ሱቁን አግኝታ ስልክ ትደውላለች። ሽማግሌዎቹ ሲገናኙ ድንጋይ ካልሆንሽ ታለቅሻለሽ። ፍለጋውን አውጪው፣ መገናኘት የለም።

እኛ አገር ለምን ሁሉም ወደ እናትና ሻንጣ እንደሚሮጥ ታውቂያለሽ? የበዓል ስሜት ድሮ የቢራ ነበር። ዘፈኑም፣ የአገር ፍቅሩም፣ ሰብሰብ ብሎ መሳቁም። በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያ ከቲቪና ከሬዲዮ ሲታገድ፣ ያ ባዶ ቦታ ለሌላው ሁሉ ተተወ። እናም ሁሉም ያው ዋሽንት፣ ያው ቡና፣ ያው ፈንዲሻ። አንዱን ከአንዱ መለየት አቃተን።

አሁን የተሳካልኝን ልንገርሽ። የተማሪ ዩኒፎርም የሚሰፋ ትንሽ ቤት ነው። በጀቱ ምንም ማለት ነው፤ በስልክ ነው የቀረጽነው። ቁጭ ብዬ ሥራቸውን ሳይ፣ ልብስ ሰፊው ለእናቶች የሱሪውን እጥፋት ወፈር አድርጎ ይተዋል። ልጁ ሲያድግ ይተረተራል። ቪዲዮው ይኸው ነው። መስከረም በመጣ ቁጥር አንድ እጥፋት ይተረተራል፣ ሱሪው ላይ ያልነጣ መስመር ይቀራል። መጨረሻ ላይ ልጁ እናቱን በልጧት ቆሟል፣ ሱሪው ላይ ሦስት መስመር አለ፣ የሚተረተርም የለም። እናት «በቃ፣ አሁንስ አዲስ ይሰፋለት» ትላለች። ማንም አያለቅስም። ግን ከዚያ በኋላ ሰው ወደ ሱቁ እየመጣ «ያ እጥፋት የምትተዉት እናንተ ናችሁ?» ይል ነበር። እኔ የምፈልገው ይህን ጥያቄ ነው።

እና ያንቺ ምጣድ ምን አለው? እኔ ብሆን ከእንጎቻ እጀምራለሁ። አንዲት ትንሽ ልጅ እናቷ አጠገብ ቁጭ ብላ እንጎቻዋን ትጠብቃለች። «ቆይ፣ መጨረሻ ላይ» እየተባለች። እንጀራው ዓይን ሲያወጣ በቅርብ ይታይ፤ አክምባሎው ሲነሳ እንፋሎቱ ፊቷን ይሸፍነው። ለእንጎቻ የሚሆን ሊጥ ብቻ ሲቀር መብራት ድርግም ይላል። ልጅቷ እዚያው እንቅልፍ ይወስዳታል። ሌሊት መብራት ሲመጣ እናት ተነስታ ምጣዱን ትለኩሳለች። ጠዋት ልጅቷ ስትነቃ እንጎቻዋ በሰፌድ ላይ ናት። ከዚህ ታሪክ ምጣዱን ማውጣት ሞክሪ እስቲ።

ሦስት ነገር ልጨምር። ብዙ ሰው ስልኩ ላይ ድምፅ ዘግቶ ነው የሚያየው፤ ስለዚህ ንግግሩ በጽሑፍ ይውጣ፣ ሙዚቃው ላይም አትደገፊ። ስምሽ ደግሞ መጨረሻ ላይ ብቻ ብቅ አይበል፤ ምጣዱ ላይ ተጽፎ ከመጀመሪያው ይታይ። ዋጋና ዋስትናን እዚህ ውስጥ አትክተቺ። ለእነሱ ሌላ አጭር ቪዲዮ ይሠራል።

ባለሙያዎቹ «መብራት ሲጠፋ ማሳየት ምርቱን ያሳንሰዋል» ይሉሻል፤ ከአሁኑ ልንገርሽ። መጀመሪያ ሊያወጡት የሚፈልጉት እሱን ነው። እንዳታስወጪው።