«ፓስወርድ ቀያሪ ሆኜ ልቅር?»

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምሠራው አንድ የክልል ዩኒቨርሲቲ የኢ-ለርኒንግ ማዕከል ውስጥ ነው። የተመረቅኩት በኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ነው፤ ሥራ ከጀመርኩ አምስት ዓመት ሆነኝ። ስልጠና ሲመጣ የሚሄዱት መምህራን ናቸው። እኔ ፕሮጀክተር አገናኝቼ፣ ኤክስቴንሽን ዘርግቼ ከበር እመለሳለሁ። ቀኔ የሚያልቀው የተረሳ ፓስወርድ ስቀይር ነው። ባለፈው ለአለቃዬ «እኔም ልሰልጥን» ብላቸው «አንተ ቴክኒሻን ነህ፣ ምን ያደርግልሃል?» አሉኝ። ማስተርስ ልማር? በገንዘቤ ኦንላይን ሰርተፊኬት ልግዛ? ወይስ ትቼው ባንክ ቤት አይቲ ልግባ?
«ፓስወርድ» ነኝ፣ ከሰሜን

መልስ፦ ወንድሜ ፓስወርድ፣ ኤክስቴንሽኑ ላይ ስደርስ ሳቄ መጣ። የመጀመሪያው የኢ-ለርኒንግ ስልጠናዬ ላይ የእኔ ስም ከተሳታፊዎች ዝርዝር ውስጥ አልነበረም። ከሻይ ቡና አስተባባሪዎች ጋር ነበር። አዳራሽ ውስጥ ስለ ኮርስ አሠራር ሲወራ እኔ ደጅ ብስኩት እቆጥር ነበር። ከዚያ በኋላ አሥራ አራት ዓመት በዚሁ ሥራ ቆየሁ።

ስለ ባንኩ አስቀድሜ ልገላገል። ደሞዙ ይሻላል፤ ቤተሰብ የምትረዳ ከሆነ ሂድ ብልህ አላፍርም። ግን ደብዳቤህን ሁለቴ አነበብኩት፤ ስለ ደሞዝ አንድም ቃል የለበትም። የምታወራው ስለ መማር ነው። ስለዚህ እሱን እናውራ።

አለቃህ ሥራህን የማሽን ሥራ አድርገው ያዩታል። አልፈርድባቸውም፤ እኔም እስከ 2012 ዓ.ም. እንደዚያ ነበር የማስበው። በዚያ ዓመት መጋቢት ላይ በኮሮና ምክንያት ትምህርት ሲዘጋ «ኮርሱ ሁሉ ኦንላይን ይግባ» የሚል ትእዛዝ መጣልን። እኔና አንድ ባልደረባዬ ሌሊቱን ሁሉ ሃንድአውት ስንጭን ከረምን። መምህራኑ በፍላሽ ያመጣሉ፣ እኛ ሙድል በሚባለው የኦንላይን ትምህርት ሶፍትዌር ላይ እንጭናለን። በሳምንቱ «ይህን ያህል ኮርስ ገብቷል» የሚል ሪፖርት ጻፍን። ተመሰገንን።

ከዚያ አንዲት ተማሪ ደወለች። ወላጆቿ ጋ ገጠር ገብታለች። ኔትወርክ የምታገኘው ከቤት ወጥታ ጉብታ ላይ ስትወጣ ነው። «የሞላሁት ካርድ አንድ ሃንድአውት እንኳ ሳይወርድ አለቀብኝ» አለችኝ። ፋይሉን ስከፍተው 84 ሜጋባይት! መምህሩ የድሮ ሞጁላቸውን ገጽ በገጽ ስካን አድርገውታል፤ ያውም በከለር። ሞጁሉ ላይ ከሽፋኑ በቀር ቀለም የሚባል ነገር የለም። ወደ ጥቁርና ነጭ ለውጬ፣ ጥራቱን ትንሽ ቀንሼ 5 ሜጋባይት አደረስኩት። ግን እሱም ቢሆን 120 ገጽ ነው። መምህሩ ጋ ደወልኩና «ለዚህ ሳምንት ልጆቹ የግድ ማንበብ ያለባቸው የቱን ነው?» አልኳቸው። ዝም አሉ። «እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም» አሉኝ ቆይተው። አብረን ቁጭ ብለን፣ ማለት በስልክ፣ ሞጁሉን በየሳምንቱ ከፋፈልነው። ለአንዱ ሳምንት 14 ገጽና ሦስት ጥያቄ ደረሰው። ልጅቷ ያንን አወረደች፤ ጥያቄውንም መለሰች።

ከዚያ ወዲህ ፋይል ከመጫኔ በፊት ክብደቱን አያለሁ፤ መምህሩንም እጠይቃለሁ። የሙያችን ግማሹ እዚያ ስልክ ላይ ያለው ነው። እሱን ደግሞ አይቲ ስንማር ማንም አላስተማረንም። አንተም ስልጠና ስትመርጥ ይህን የጎደለህን ግማሽ ፈልግ፤ የሰርቨሩን ታውቀዋለህ።

ገንዘብህን ገና አታውጣ። ሙድልን የሚሠሩት ሰዎች ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ2021 የከፈቱት ሙድል አካዳሚ የሚባል አለ። በነፃ ነው፤ ለአስተማሪ፣ ለአድሚን፣ ለዴቨሎፐር የተለያየ መስመር አለው። እጅህ ወደ አድሚኑ እንደሚሄድ አውቃለሁ። በአስተማሪው ጀምር። ጎን ለጎን ሙድልን በራስህ ላፕቶፕ ላይ ጫነው፤ ሶፍትዌሩ ነፃ ነው፣ ኢንተርኔትም ሁልጊዜ አይፈልግም። የውሸት ኮርስ ክፈት። አንድ የመምህር፣ አንድ የተማሪ አካውንት ፍጠርና በተማሪው ግባ። ፈተና አውጣ፣ ተፈተን፣ ውደቅ። እንዳሻህ አበላሸው፤ በራስህ ላፕቶፕ ማስጠንቀቂያ የሚጽፍብህ የለም።

«5 ሚሊዮን ኮደርስ»ንም ሰምተህ ይሆናል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው፣ ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ጋር የሚሠራው የኦንላይን ኮዲንግ ስልጠና ነው። እሱም ነፃ ነው። ከኮርሶቹ የዳታውን እንድትወስድ እመክራለሁ። ሙድል ማን መቼ እንደገባ፣ የቱ ላይ እንዳቆመ ሁሉ ይመዘግባል፤ ያንን መዝገብ ከፍቶ የሚያይ ሰው በየማዕከሉ ብርቅ ነው። ለመምህሩ «ተማሪዎችዎ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ጠፍተዋል» ማለት የቻልክ ቀን ማንም ቴክኒሻን አይልህም።

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከሆነ መሥሪያ ቤትህ፣ ትምህርት ሚኒስቴር ከማስተርካርድ ፋውንዴሽንና ከአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጋር ስለሚሠራው «ኢ-ሺ» ስለሚባለው ፕሮጀክት ጠይቅ። የኦንላይን ትምህርትን ለማጠናከር የመጣ ነው። ግቢህ ውስጥ ጉዳዩን የያዘውን ሰው ፈልገህ ስምህን አስመዝግብ። ደብዳቤ በር ድረስ ይመጣል ብለህ አትጠብቅ፤ ብዙ ጊዜ ዲን ጠረጴዛ ላይ ነው የሚያድረው።

ኤችዲፒስ? መምህራኑ ስለ ማስተማር ዘዴ የሚሰለጥኑበት ነው፤ ለአንተ ተብሎ አልተዘጋጀም። እኔ ግን አስተባባሪውን ለምኜ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። ሰርተፊኬት አልሰጡኝም። ምዘና እንዴት እንደሚወጣ፣ ክፍል ውስጥ መምህር ምን እንደሚያስጨንቀው የሰማሁት ግን እዚያ ነው። በዚያ ላይ በሻይ እረፍት የተዋወቅኳቸው መምህራን ናቸው በኋላ ቢሮዬ ድረስ ኮርስ ይዘው የመጡት። በዚያኛው በኩል ብስኩት እየበላሁ ማለት ነው።

አሁን ዋናው። ደብተር ግዛ። እንግሊዝ አገር የትምህርት ቴክኖሎጂ ባለሙያዎች ማኅበር አለ፤ «ሲማልት» የሚባል የሙያ ዕውቅና ይሰጣል። ፈተና የለውም። የሠራኸውን ከነማስረጃው በፖርትፎሊዮ ታቀርባለህ፣ ሌሎች የሙያው ሰዎች ይገመግሙታል። ክፍያው በፓውንድ ስለሆነ ለጊዜው እርሳው። አርእስቶቹን ግን መዋስ ትችላለህ፦ የቴክኒክ ሥራህ፣ መማር ማስተማርና ምዘና፣ ሕግና ፖሊሲ፣ ከሰው ጋር ያለህ ግንኙነት፣ በመጨረሻ ያንተ ልዩ ሙያ። በየአርእስቱ ሥር ምን እንደሠራህ፣ ለምን እንደዚያ እንዳደረግክ፣ ማስረጃው የት እንዳለ፣ ዛሬ ቢሆን ምን እንደምትቀይር ጻፍ። ያ የ84 ሜጋባይት ታሪክ እኔ ደብተር ላይ ሁለት ገጽ ይዟል። ሌላ ሥራ ስወዳደር ያወራሁት እሱን ነው፤ ስለ ሰርተፊኬቶቼ የጠየቀኝ አልነበረም።

ማስተርሱን አሁን አትጀምር። አንድ ዓመት ደብተሩን ሙላና ያኔ ምን እንደጎደለህ ታየዋለህ። ከሄድክም ሁለተኛ አይቲ አትማር፤ ወደ ሥርዓተ ትምህርት ወይም ወደ ትምህርት ቴክኖሎጂ ሂድ። ዩኒቨርሲቲው የሚከፍልልህ ከሆነ የግዴታ ውሉን እስከ መጨረሻው መስመር አንብብ።

ለአለቃህ ደግሞ «ልሰልጥን» አትበላቸው። እንዲህ ጻፍላቸው፦ «ዘወትር ረቡዕ ከሰዓት ለሦስት ወር ይፈቀድልኝ። በሦስተኛው ወር መጨረሻ ለአንድ ዲፓርትመንት መምህራን የሁለት ሰዓት ስልጠና እሰጣለሁ፤ አንድ ኮርስም ከመምህሩ ጋር አዘጋጅቼ አስረክባለሁ።» አበል ያልተጠየቀበት፣ ሪፖርት የሚጻፍበት ደብዳቤ እምቢ ለማለት ይከብዳል። መዝገብ ቤት ገቢ ማድረግህን አትርሳ።

ጥያቄ፦ የአንድ ዩኒቨርሲቲ ኢ-ለርኒንግ ዳይሬክተር ነኝ። ሦስት ባለሙያዎች አሉኝ። ያለችኝ በጀት ወይ አንድ ሰው ውጭ አገር ጉባኤ ትልካለች፣ ወይ ሦስቱንም ቢሾፍቱ አምስት ቀን ታሰለጥናለች። የትኛው ይሻላል?
ዳይሬክተሩ

መልስ፦ ክቡር ዳይሬክተር፣ ቢሾፍቱን እወዳለሁ። ሐይቁ ጥሩ ነው፣ ዓሣውም ጥሩ ነው። ከአምስት ቀን በኋላ ግን እኔ ይዤ የተመለስኩት ቦርሳ፣ ፍላሽና የቡድን ፎቶ ነበር። ስላይዱን ዛሬም አልከፈትኩትም።

ጉባኤም ቢሆን እንደ አቀማመጡ ነው። ኢ-ለርኒንግ አፍሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደው እዚሁ አዲስ አበባ ነው፤ በ1998 ዓ.ም.። በ2007 ዓ.ም. ተመልሶ ሲመጣ በታክሲ ሄጄ ተሳትፌያለሁ። የሚኒስትሮቹ ንግግር አልፎኛል። ትዝ የሚለኝ ከሌላ የአፍሪካ አገር የመጣ አንድ ቴክኒሻን መብራት ሲጠፋ ፈተናውን እንዴት እንደሚያተርፉ በናፕኪን ላይ የሣለልኝ ነው። ከላኩ ሥራውን የሚሠራውን ሰው ይላኩ። ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እርስዎ አይሂዱ።

ከሁለቱም የምመርጠው ግን ሌላ ነው። ቅርብ ካለው ዩኒቨርሲቲ ጋር ሰው ይለዋወጡ። የእርስዎ አንዱ ባለሙያ እዚያ አንድ ሳምንት ይቀመጥ፣ የእነሱም እርስዎ ጋ ይምጣ። የብልሽት ጥያቄ መቀበያቸውን፣ ባክአፓቸውን፣ ከመምህር ጋር ያላቸውን ጭቅጭቅ ሁሉ ይይ። ወጪው አውቶቡስና መኝታ ነው። ከአውሮፓ ዩኒቨርሲቲ ጋር የኢራስመስ ፕላስ፣ ማለት የአውሮፓ ኅብረት የትምህርት ልውውጥ፣ ስምምነት ካላችሁም የዓለም አቀፍ ግንኙነት ቢሮውን ይጠይቁ። የሠራተኛ ልውውጡ ለመምህር ብቻ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ለስልጠና የሚሄድ የአስተዳደርና የቴክኒክ ሠራተኛም ይካተታል፤ ከአምስት ቀን እስከ ሁለት ወር።

ደግሞ የመውጫ ፈተናው አለልዎት። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ባለሙያዎችዎ በየዙሩ ኮምፒውተር ላብ ውስጥ ያድራሉ። ፈተናው ያለቀ ዕለት ሁሉም ተበትኖ ይተኛል፤ ስህተቱም አብሮ ይተኛል። በማግስቱ ቡና አስፈልተው ለሁለት ሰዓት ያስቀምጧቸው። የትኛው ኮምፒውተር ተንጠለጠለ? ማን በስህተት ከሲስተሙ ወጣ? ጄኔሬተሩ በስንት ደቂቃ ተነሳ? አንዱ ይጻፍ። ለሚቀጥለው ዙር ከዚያ ወረቀት የተሻለ ማኑዋል አያገኙም። የቡናው ወጪ ከየትኛው አርእስት እንደሚወጣ እርስዎ ያውቃሉ።

ጥያቄ፦ ለንደን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በዚሁ ሙያ እሠራለሁ። አገር ቤት ያሉትን ባልደረቦች መርዳት እፈልጋለሁ። ስለ ኤአይ ሌክቸር ላዘጋጅላቸው?
ከለንደን

መልስ፦ እህቴ፣ ሌክቸሩ ይቆይ። በወር አንድ ቅዳሜ ስክሪንሽን ክፈቺላቸው። በዚያ ሳምንት የገጠመሽን አንድ ችግር እንዴት እንደፈታሽው፣ ያልተፈታውንም ጨምረሽ አሳያቸው። ከዚያ ተራው የእነሱ ይሁን፤ እነሱ ስክሪናቸውን ይክፈቱ፣ አንቺ ጠይቂ። ቪዲዮሽን አጥፊው፣ ኮኔክሽን ይበላል። ቀርጸሽም በድምፅ ብቻ ላኪላቸው፤ ቴሌግራም ይበቃል።

አንድ ነገር ብቻ። ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፊ። እኔ አንድ ጊዜ ውጭ አገር ያለ ሰው «በ3 ሰዓት እንገናኝ» ብሎኝ፣ ጠዋት በ3 ሰዓት ስምንት ሰው ሰብስቤ ጠብቄዋለሁ። እሱ የገባው ከሰዓት በ9 ነው፤ ያኔ ላቡ ተቆልፎ፣ ቁልፍ ያዡም ወደ ቤቱ ሄዶ ነበር።