የተቀቀለ እንቁላል ለምን ወደ ጥሬነቱ አይመለስም?

ጥያቄ፦ በጅማ ከተማ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። የባዮሎጂ መምህራችን «ፕሮቲን ቅርጹን ካጣ ሥራውን ያጣል» ብለው አስተምረውናል። እናቴ የምታነጥረው ቅቤ ቀልጦ ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ይረጋል፤ የተቀቀለ እንቁላል ግን ቢቀዘቅዝም እንደ ጥሬው አይሆንም። ደግሞስ የእንቁላሉ ፕሮቲን ቅርጹን ካጣ ለምን ገንቢ ምግብ ይባላል? ሁለቱ ነገሮች አልገጠሙልኝም።
አንባቢያችሁ፣ ከጅማ

መልስ፦ የቅቤው ነገር አጭር ስለሆነ ከእሱ እንጀምር። ቅቤ በአብዛኛው ስብ ነው፤ የስብ ሞለኪውሎች ሲሞቁ ከተደረደሩበት ይላቀቃሉ እንጂ ራሳቸው ስለማይለወጡ፣ ሲቀዘቅዙ መልሰው ይደረደራሉ።

ፕሮቲን ግን ከ20 የአሚኖ አሲድ ዓይነቶች፣ ዘረ መል በወሰነው ቅደም ተከተል፣ በፔፕታይድ ትስስር የተቀጣጠለ ሰንሰለት ነው። ሰንሰለቱ እንደተዘረጋ አይቀርም፤ ገሚሱ ይጠመዘዛል፣ ገሚሱ ይታጠፋል፣ በመጨረሻም ከውሃ የሚሸሹት አሚኖ አሲዶች ወደ ውስጥ ገብተው፣ ውሃ የሚስማማቸው ወደ ውጭ ወጥተው የራሱን ቅርጽ ይይዛል። ቅደም ተከተሉ ምን ያህል እንደሚወስን ለማየት በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚያጓጉዘው ፕሮቲን፣ ሄሞግሎቢን፣ ይበቃል፦ ቤታ በተባለው ሰንሰለቱ ካሉት 146 አሚኖ አሲዶች ስድስተኛው ብቻ ከግሉታሚክ አሲድ ወደ ቫሊን ሲቀየር፣ ኦክስጅን ባነሰበት ቦታ ሄሞግሎቢኖቹ እርስ በርስ ተያይዘው ቀይ የደም ሴሉን ማጭድ ያስመስሉታል።

ቅርጹን ደግፈው የያዙት ትስስሮች በአብዛኛው ደካሞች ናቸው፤ ድስቱ ውስጥ የሚፈቱትም እነዚሁ ናቸው። ጅማ ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስለምትገኝ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው፤ የእንቁላሉ ነጭ ክፍል ግን ከ60 ዲግሪ ብዙም ሳያልፍ መርጋት ስለሚጀምር ይህ ከበቂ በላይ ነው። የተፈቱት ሰንሰለቶች ተሸሽገው የነበሩ ክፍሎቻቸው ስለሚጋለጡ ከጎረቤቶቻቸው ጋር ይጣበቃሉ፣ ውሃውን በመካከላቸው የያዘ መረብ ይሠራሉ፣ ብርሃን ስለሚበትኑም ጠርቶ የነበረው ፈሳሽ ይነጣል። ቢቀዘቅዝም እንዲህ የተወሳሰበ የክር ልቃቂት በራሱ አይፈታም። (አሬራ ሞቆ አይብ ሲወጣውም ሰንሰለቶቹ እንዲሁ ይያያዛሉ፤ እዚያ ግን ባክቴሪያዎች ያመረቱት አሲድ ሙቀቱን ያግዘዋል።)

ይህ ማለት የተፈታ ፕሮቲን ፈጽሞ አይታጠፍም ማለት አይደለም። አሜሪካዊው የባዮኬሚስትሪ ተመራማሪ ክርስቲያን አንፊንሰን 124 አሚኖ አሲዶች ያሉትን ራይቦኑክሌዝ የተባለ ኢንዛይም በኬሚካል ፈትተው፣ ኬሚካሉ ሲወገድ ኢንዛይሙ ወደ ቅርጹም ወደ ሥራውም እንደሚመለስ አሳይተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1972 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን ከተጋሩት አንዱ ናቸው። እንቁላሉን የሚያግደው ሰንሰለቶቹ ተጨናንቀው እርስ በርስ መያያዛቸው ነው።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ስንመጣ፣ መምህርዎ ትክክል ናቸው፤ ነገር ግን እኛ ከእንቁላሉ የምንፈልገው ቅርጹን ሳይሆን አሚኖ አሲዶቹን ነው። መቀቀል የፔፕታይድ ትስስሩን አይበጥስም፤ የሚበጥሱት የጨጓራና የትንሹ አንጀት ኢንዛይሞች ናቸው፤ አስቀድሞ የተፈታ ሰንሰለት ደግሞ ለእነሱ ይቀላቸዋል። ሰውነታችን የተገኙትን አሚኖ አሲዶች በራሱ ዘረ መል ትእዛዝ እንደገና ይቀጣጥላቸዋል። እንዲያውም ሥራ ማጣቱ የሚጠቅምበት ጊዜ አለ፦ በጥሬ እንቁላል ነጭ ውስጥ ያለው አቪዲን የተባለ ፕሮቲን ባዮቲን የተሰኘውን ቫይታሚን አጥብቆ ይዞ ወደ ደም እንዳይገባ ያደርገዋል፤ እንቁላሉ በደንብ ሲበስል ግን አቪዲኑ ቅርጹን ስለሚያጣ ቫይታሚኑን መያዝ ያቅተዋል።