ሊብሬውን ማየት ብቻውን አይበቃም

ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ብርሃን ውስጥ የአዲስ አበባ ታርጋ ያላት ያገለገለች ቪትዝ መኪና ሊገዙ መሆኑን ገልጸው፣ ሻጩ ሊብሬውን (የመኪናዋን የባለቤትነት ደብተር) ማሳየቱ ይበቃ እንደሆነ ጠይቀዋል። በእኔ እምነት አይበቃም። በባንክ ዕዳ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ የተጣለ እገዳ ሊብሬው ላይ ላይታይ ስለሚችል፣ ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት ከሻጩ ጋር ሆነው የመኪናዋ ፋይል ወደሚገኝበት፣ ታርጋውን ወደ ሰጠው መሥሪያ ቤት ሄደው ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኗን ያረጋግጡ፤ እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም እባክዎ ይህን አይዝለሉት። በመኪናዋ አካል ላይ የተቀረጸውን የሻንሲ ቁጥር በባትሪ እያበሩ ከሊብሬው ጋር ፊደል በፊደል ያመሳክሩ፤ ዙሪያው የተሞረደ፣ የተበየደ ወይም ቀለሙ ከሌላው የተለየ ከሆነ ግዢውን ይተዉት። ሻጩ ባለ ሊብሬው ካልሆነ ደግሞ ውክልናው መሸጥን በግልጽ የሚፈቅድና ያልተሻረ መሆን አለበት። የኪሎ ሜትር ቆጣሪ ወደ ኋላ ሊመለስ ስለሚችል፣ ከቁጥሩ ይልቅ የፍሬን ፔዳሉ ጎማና የመሪው ቆዳ ምን ያህል እንዳለቀ ቢመለከቱ ይሻላል። ሞተሩንም በደብረ ብርሃን የማለዳ ብርድ፣ አስቀድሞ ሳይሞቅ፣ እርስዎ ባሉበት ያስነሱት፤ ከተቻለም ፍሬኑንና ጉልበቷን ለመፈተን መካኒክ ይዘው በደብረ ሲና መንገድ ላይ ያለውን የጣርማበር ቁልቁለት ይውረዱና መልሰው ይውጡ።