የፔኒሲሊን ዓይነቶችን በዲስክ ለማወዳደር ላሰቡት

ክሪስታሊን፣ ፕሮኬይንና ቤንዛቲን ፔኒሲሊን በተለያዩ ባክቴሪያዎች ላይ ያላቸውን ኃይል ለመመረቂያ ጽሑፍዎ በዲስክ (መድኃኒት የያዘ ትንሽ ክብ ወረቀት ባክቴሪያ በተዘራበት ሳህን ላይ በማኖር) ቢያወዳድሩ ይበቃ እንደሆነ ጠይቀዋል። አይበቃም። እኔ በዚሁ መንገድ ሁለት ወር ደክሜ ሥራዬ ከንቱ ስለቀረ፣ በእርስዎ እንዳይደርስ እጽፋለሁ።

አንደኛ፣ ሦስቱ የሚለያዩት ከተወጉበት ቦታ ወደ ደም በሚገቡበት ፍጥነት እንጂ በሚገድሉት ባክቴሪያ አይደለም፤ ደም ውስጥ ሲደርሱ ሁሉም ያው ቤንዚልፔኒሲሊን (ፔኒሲሊን ጂ) ናቸው። ቤንዛቲን ለሳምንታት የሚለቀው ጥቂት መጠን ለጉሮሮ ሕመም አምጪው ስትሬፕቶኮከስ ፓዮጂነስና ለቂጥኝ አምጪው ትሬፖኔማ ይበቃል፤ ማጅራት ገትር ግን ከፍ ያለ መጠን ስለሚሻ ክሪስታሊኑ በየ4 ሰዓቱ በደም ሥር ይሰጣል። እኔ ይህን ሳላገናዝብ ቤንዛቲኑን በውኃ በጥብጬ ባዶ ዲስክ ላይ ጠብ አደረግሁ። በውኃ እምብዛም ስለማይሟሟ ነጭ ዱቄቱ ዲስኩ ላይ ደርቆ ቀረ፤ በማግስቱ ባክቴሪያ ያልበቀለበት የክሪስታሊኑ ክብ ሰፊ፣ የእሱ ጠባብ ሆኖ ሳገኘው «ቤንዛቲን ደካማ ነው» ብዬ ጻፍሁ። መድኃኒቱ ባክቴሪያው በሚበቅልበት እንደ ጄሊ ባለው አጋር ውስጥ አለመሰራጨቱን አላስተዋልሁም። የላቦራቶሪው ኃላፊ ግን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ እያዩ ዝም ብለው፣ ጽሑፌን ባቀረብሁ ዕለት በሰው ፊት «አንድ መጽሐፍ እንኳ አልገለጥህም?» አሉኝ። ተማሪ እንዲህ አይያዝም፤ ዛሬም ያንገበግበኛል።

ሁለተኛ፣ ሞለኪውላቸው የሚለያየውን ይምረጡ፦ ፔኒሲሊን ጂ፣ ክሎክሳሲሊንና አሞክሲሲሊን። ሥራውን እንደገና ስጀምር እነዚህን በፈሳሽ ማብቀያ እጥፍ በእጥፍ እያቀጠንሁ፣ እድገትን የሚገታውን ዝቅተኛ መጠን ለካሁ። ፔኒሲሊኔዝ የተባለውን ፔኒሲሊን አፍራሽ ኢንዛይም የሚያመነጨው ስታፊሎኮከስ ኦውሬየስ ፔኒሲሊን ጂንና አሞክሲሲሊንን ሲያፈርስ ክሎክሳሲሊን ገታው። የአንጀት ባክቴሪያውን ኢ. ኮላይን ግን የገታው አሞክሲሲሊን ነበር፤ የባክቴሪያውን ውጫዊ ሽፋን ከፔኒሲሊን ጂ በተሻለ ያልፋልና።

ዲስክን ፈጽሞ ይተዉ አልልም። ስታፊሎኮከስ ኦውሬየስን በ10 ዩኒት የፔኒሲሊን ዲስክ ሲፈትኑ ስፋቱን ለክተው አይብቃዎት፤ ሳህኑን ወደ ብርሃን አንሥተው ጠርዙን ይመልከቱ። ክቡ ባክቴሪያው በፔኒሲሊን ይገታል የሚያሰኘውን 29 ሚሊ ሜትር ቢሞላም እንኳ ጠርዙ በምላጭ የተቆረጠ ያህል ጥርት ካለ ባክቴሪያው ፔኒሲሊኔዝ ያመነጫል፤ ጠርዙ ቀስ በቀስ እየሳሳ ከጠፋ አያመነጭም። በሁለተኛው አቀራረቤ ያንን ጠርዝ ለእኚያው ኃላፊ ያሳየኋቸው እኔ ነኝ።