አድባሯ ሁሉንም ትመልስ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አጭር የምናብ ታሪክ እየጻፍኩ ነው። ሁለት እህትማማቾች ከእንጦጦ እንጨት እያወረዱ ሽሮ ሜዳ ይሸጣሉ፤ መንገድ ላይ ጅብ ያስፈራቸዋል። ታላቅየዋ በግንቦት ልደታ ቀን አንድ ባሕር ዛፍ ሥር ቆማ «አድባር ተለመኚኝ፣ ሸክሜን አቅልይልኝ» ትላለች። በማግስቱ ይቀልላታል። የቀለለው ክብደት ግን ታናሿ ጀርባ ላይ ተጨምሯል። ታላቅየዋ ይህን እያወቀች ዝም ትላለች። በመጨረሻ ተጸጽታ ስታለቅስ አድባሯ ሁሉንም ወደነበረበት ትመልሳለች። ጓደኞቼ «አስማቱን አውጪው፣ ኑሮውን ብቻ ጻፊ» አሉኝ። ምን ትመክሪኛለሽ?
ከጉለሌ

መልስ፦ እህቴ፣ አስማቱን እንዳትነኪው! ድሃ ቤት ውስጥ አንዷ ስታርፍ ሥራው የትም አይሄድም፤ የሌላዋ ትከሻ ላይ ይወርዳል። አንቺ ይህንን ያለ ስብከት አሳይተሻል።

ያልተዋጠልኝ መጨረሻው ነው። ሁሉም ከተመለሰማ ታላቅየዋ አልቅሳ ተገላገለች። አድባሯ ሸክሙን ትመልስ፣ ግድ የለም። የታናሿን ወገብ ግን አትመልስ። ማታ ነጠላዋን ስታወልቅ ገመድ የበላው ትከሻዋ ይታይ። ታላቅየዋ ቅቤ አሙቃ ልታሻት ስትጠጋ «ተይው፣ ለምጄዋለሁ» ትበላት። ምስጢሩን ትወቅ አትወቅ አትንገሪን።

ዝምታውንም ቶሎ አለፍሽው። ለምን ዝም አለች? ክፉ ስለሆነች ብቻ ከሆነ ታሪኩ ይረክሳል። ሸክሙ ስለቀለላት አብዝታ አውርዳ ይሆናል። የቤት ኪራዩ በጊዜው ተከፍሎ፣ ለታናሿም ጫማ ተገዝቶ ይሆናል። ታናሿ ያንን ጫማ አድርጋ፣ የእህቷንም ሸክም ተሸክማ ቁልቁለቱን ስትወርድ ጻፊልኝ። እኔ ብሆን ሙሉ ገጽ እሰጠው ነበር።

ዛፉን ቀይሪው። ባሕር ዛፍ በምኒልክ ዘመን ከውጭ የመጣ፣ ለማገዶ የሚቆረጥ ዛፍ ነው። ሴቶቹ ቀኑን ሙሉ የሚሸከሙት እሱኑ አይደል? አድባር የሚባለው ያረጀ ሾላ፣ ዋርካ ወይም ጽድ ነው። ለእንጦጦ ጽድ ይሻላል። በልደታ ደግሞ ብቻዋን አታቁሚያት። ጎረቤቱ ተሰብስቦ፣ ቡና ተፈልቶ፣ ንፍሮው እየታደለ በሆዷ ትለምን።

ጅብ አለሽ፣ የደን ጥበቃ ግን የለሽም። እንጨት ለቃሚ ሴት ከጅቡ በፊት የምትፈራው እሱን ነው፤ ከያዛት እንጨቷን ከነገመዱ ይቀማታል። ዘመኑንም ወስኚ፤ የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ከመከፈቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ?

አርመሽ ስትጨርሺ ላኪልኝ። ማንበብ እፈልጋለሁ።